ሰኔና ሰኞ፦ የስድስት ወር ኮንትራትና የመንግሥት ኮምፒውተር በሆሳዕና

ባለፈው ሰኔ ለአንድ የቤተሰብ ጉዳይ ሆሳዕና ነበርኩ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ቡና እየጠጣን ስለ ሥራው ጠየቅሁት። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተርና የኔትወርክ ባለሙያ ሆኖ እንደሚሠራ ነገረኝ። «እንኳን ደስ አለህ» ስለው ፈገግ ብሎ፣ «ዶክተር፣ እስከ ሰኔ 30 አለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጌታ ያውቃል» አለኝ። ውሉ የስድስት ወር ነው። ሦስት ጊዜ ታድሶለታል። አራተኛው ይታደስ አይታደስ እርሱም አያውቅም፣ አለቃውም አያውቁም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ መልስ እንቅልፍ የነሣኝ ለተማሪዬ ስላዘንኩ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት፣ ከዚያው አካባቢ ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ በዚያው ወር፣ ያንኑ ቃል ተናግሬ ስለነበር ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ሚኒስቴሩ ስሙን ደጋግሞ ቀይሯል፤ ክልሉ ፈርሶ ሌላ ክልል ተመሥርቷል፤ የአገልግሎት መሣሪያው ከዲስኬት ወደ ስልክ መተግበሪያ ተሸጋግሯል። የስድስት ወሩ ውል ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ዛሬ የዚህን ውል ታሪክ ላወጋችሁ ወድጃለሁ።

ኮንትራት ከዳግማዊ ምኒልክ እስከ ፍራንስ ቴሌኮም

የኢትዮጵያ መንግሥት የማያውቀውን ቴክኖሎጂ በውል ሰው ማስገባት የጀመረው ትናንት አይደለም። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 ወደ ሸዋ ሲመጣ ሙያውን ለንጉሡ ለማገልገል ነበር፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመርም በዚያው ዘመን፣ በውጭ ባለሙያዎች ዕውቀትና በአገሬው ሰው ትከሻ የቆመ ነው። የአገራችን ቴሌኮም ዕድሜውን የሚቆጥረው ከዚያ፣ ከእ.ኤ.አ. 1894 ጀምሮ ነው።

ከጣልያን ወረራ በኋላ የመጣው ትውልድ ነገሩን ወደ ተቋም አሳደገው። እ.ኤ.አ. በ1951 የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተመራው ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ በመጡ መሐንዲሶች ነበር። ከሁሉ የላቀው ምሳሌ ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1945 ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተፈረመ የአስተዳደር ውል ተወለደ፤ በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ወደ ካይሮ በረረ። አብራሪው፣ መካኒኩ፣ ሥራ አስኪያጁ ሁሉ የውጭ ሰው ነበር። ነገር ግን ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠንና ቀስ በቀስ ማስረከብ የሥራው አካል ሆኖ ተያዘ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን አዛዥ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ወንበሩን ተረከቡ። ይህ የሩብ ምዕተ ዓመት ጉዞ ነው። ውሉ ሲታደስ የሚያረጋግጠው የአስረካቢውን መቆየት ብቻ አልነበረም፤ የተረካቢውንም ማደግ ጭምር ነበር።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ መልኩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከቻይናው ዜድ.ቲ.ኢ. ጋር የተደረሰው ስምምነት 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ፣ በአቅራቢው ብድር የሚሸፈን ግዥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም በአሮጌው ኮርፖሬሽን እግር ሲተካ አመራሩ ለሁለት ዓመት ለፍራንስ ቴሌኮም በውል ተሰጠ። ዋጋውም 30 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ መሆኑ በጊዜው ተዘግቧል። በዚያ ሽግግር በሺዎች የሚቆጠሩ የቀድሞ ሠራተኞች ከሥራ ውጭ ሆኑ። ሃያ አምስት ዓመትና ሁለት ዓመት፦ ልዩነቱን አንባቢ ይፍረድ። የስልክ ደንበኛው ቁጥር ማደጉን አልክድም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ዕውቀቱ የት አደረ?

ዲሹ ጣራ ላይ፣ ባለሙያው መንገድ ላይ

እንግዲህ ወደ ሐዲያና ከምባታ እንውረድ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትገኘው ሆሳዕና፣ በጥንት ስሟ ዋቸሞ፣ የአውራጃ ከተማ በነበረችበት ዘመን የመንግሥት መረጃ ማለት ወፍራም መዝገብ፣ የጽሕፈት መኪናና የቴምብር ሽታ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን ሥልጣንና በጀት ወደ ወረዳ ወረደ፤ ከበጀቱ ጋር ኮምፒውተር መጣ።

በ1995 ዓ.ም የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ልማት ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው ጊዜ ግድም ወረዳ ኔት የተባለው ፕሮጀክት ከ500 በላይ ወረዳዎችን በሳተላይት ከክልሎችና ከፌዴራል መንግሥት ጋር ለማገናኘት ተነሣ። ስኩል ኔት ደግሞ ከ400 በላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አቀፈ። እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም ባንክ ለዘርፉ ልማት የ25 ሚሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። የፋይናንስ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ አይቤክስ የተባለውን የበጀትና የወጪ ሂሳብ ሶፍትዌር ያዙ። ይህ ሶፍትዌር የተሠራው በዩኤስኤይድ ገንዘብ በሚንቀሳቀስና የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በመሩት የበጀት ማሻሻያ ፕሮጀክት ሥር ነበር። የደቡብ ክልልም ማሻሻያውን ቀድመው ከተቀበሉት አንዱ ነው።

በሾኔ፣ በጃጁራ፣ በሆመቾ፣ በፎንቆ፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫ፣ በሺንሺቾ፣ በዶዮገና በዚያ ዘመን ያለፈ ሰው ጣራ ላይና ግቢ ውስጥ የተተከሉትን ትላልቅ ነጫጭ ዲሾች ያስታውሳል። እኔም አስታውሳለሁ። ገበሬው ቆም ብሎ ያያቸው ነበር። አገር በአንድ መረብ ልትታሰር ነው ብለን የተደሰትን ወጣቶች ብዙ ነበርን፤ ዛሬም በዚያ ደስታችን አላፍርም። ሐሳቡ ትልቅ ነበር።

ችግሩ ያለው ከሐሳቡ በታች ነው። መሣሪያው የተገዛው በካፒታል በጀት ወይም በብድር ነው። ዘላቂ ጥገናው ግን የወረዳው የሥራ ማስኬጃ በጀት ነው። ወረዳው ደግሞ ከበጀቱ አብዛኛውን ለደመወዝ ከፍሎ የሚተርፈው ለወረቀት፣ ለነዳጅና ለውሎ አበል እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ጥገና ሁለት በሮች ብቻ ቀሩለት። አንደኛው ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው ሱቅ ማሠራት ነው። ሁለተኛው እንደ እኔ ያለውን አዲስ ተመራቂ በጊዜያዊነት መቅጠር ነው። ሁለቱም የሚያልቁት ሰኔ 30 ቀን ነው፤ የበጀት ዓመቱ ያኔ ይዘጋልና።

አበው «ሰኔና ሰኞ ገጠመው» የሚሉት ክፉ አጋጣሚ ለተደራረበበት ሰው ነው። የእኛ አጋጣሚ ግን በየዓመቱ ቀጠሮውን አክብሮ የሚመጣ ነው። ሰኔ ክረምቱ የሚገባበት፣ መብረቅና የመብራት መቆራረጥ የሚበረታበት፣ መሣሪያ በብዛት የሚቃጠልበት ወቅት ነው። ሰኔ ባለሙያው የሚሰናበትበትም ወቅት ነው።

የራሴ ኑዛዜ

በ1998 ዓ.ም ከኮሌጅ በወጣሁ በዓመቱ በአንድ መሥሪያ ቤት በስድስት ወር ውል ተቀጠርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ነበሩና። አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች፣ አንድ ሰርቨርና አንድ አሮጌ ዩፒኤስ ተረከብኩ። በስድስት ወር ውስጥ የመምህራኑን የደመወዝና የሠራተኛ መረጃ በሙሉ ከመዝገብ ወደ ሰርቨሩ አስገባን። «አስገባን» ያልኩት አብረውኝ የደከሙ አንድ አዛውንት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበሩ ነው። ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው፣ «ልጄ» የሚሉኝ፣ ኮምፒውተሩን በጥርጣሬ የሚያዩ፣ እያንዳንዱን ፋይል ግን በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

ሰኔ 30 ደረሰ። ክሊራንስ አዞርኩ። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ቁልፍ፣ ሁለት ጠመንዠ መፍቻ አስረከብኩ። አንድ ጥፍር የምታህል ዕቃ በሞዴል 19 ገብታ በሞዴል 22 በምትወጣበት መሥሪያ ቤት የሰርቨሩን የይለፍ ቃል የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በቅጹ ላይ ለዚያ የሚሆን መሥመር የለም። እኔም አልተናገርኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ያልተናገርኩት ረስቼ አይደለም። የይለፍ ቃሉ እኔ ዘንድ እስካለ ድረስ መልሰው ይጠሩኛል ብዬ ነው። ያለኝ ብቸኛ መያዣ እርሱ ነበር።

በሐምሌ አጋማሽ መብራቱ ተደጋግሞ ሲጠፋ ሰርቨሩ ተበላሸ። ዱራሜ ሥራ ፍለጋ ላይ ሳለሁ በጎረቤት ስልክ መልእክት ደረሰኝ። አዲሱ በጀት ገና አልጸደቀም፤ ስለዚህ ውል የለም፤ «ለወገንህ ስትል ና» ነው ነገሩ። ሦስት ቀን አቅማማሁ። «ይቸገሩና ዋጋዬን ይወቁ» የሚል ክፉ ሐሳብ ልቤ ውስጥ እንደነበር አልሸሽግም። በአራተኛው ቀን ስደርስ በፕሮፎርማ አሸንፎ የተጠራው ጠጋኝ የይለፍ ቃሉን ስላላገኘ ዲስኩን ፎርማት አድርጎ፣ ዊንዶውስ ጭኖ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ማሽኑ እንደ አዲስ ይሠራል። በውስጡ ግን ምንም የለም። መጠባበቂያ ቅጂ የያዘው ዲስክም በዚያው ማሽን ሆድ ውስጥ ነበር፤ ያ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው።

የመምህራኑ ደመወዝ ዘገየ። ክረምት ነው፤ የትምህርት ቤት ወጪ ደርሷል፤ ብድር የገቡ ነበሩ። ከሞት ያዳነን የጋሼ መዝገብ ነው። «ኮምፒውተር ገብቷል፣ ይቃጠል» ሲባል እምቢ ብለው ካቢኔ ውስጥ የቆለፉበት መዝገብ። ሦስት ሳምንት ያለ ክፍያ እየተቀመጥኩ ከእርሳቸው ጋር መልሰን አስገባነው። በመጨረሻው ቀን መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ እኔ ጡረታ የምወጣው መዝገቡን ለሚተካኝ ሰው ቆጥሬ አስረክቤ ነው። አንተ ለማን ነው የምታስረክበው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የዶክትሬት መመረቂያዬን ስጽፍ ካነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ ያ ጥያቄ ሲከተለኝ ኖሯል።

ከእኔ ጋር በሌላ መሥሪያ ቤት በተመሳሳይ ውል የተቀጠረ ጓደኛዬ የስኩል ኔት ፕላዝማ ቴሌቪዥኖችን ይጠግን ነበር። እንደምታስታውሱት በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። ጓደኛዬ ሁለተኛው ውሉ ሳይታደስ ሲቀር የአካባቢያችን ወጣት ሁሉ የሚያውቀውን መንገድ ያዘ፤ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አቋርጦ ጆሃንስበርግ ገባ። ትምህርቱ ከደቡብ አፍሪካ ወደ ሆሳዕና በሳተላይት ይመጣል፤ መሣሪያውን የሚጠግነው ልጅ ከሆሳዕና ወደ ደቡብ አፍሪካ በእግሩና በጭነት መኪና ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ሰዎች ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም ተነገረ። ያንን ዜና በሰማሁ ጊዜ መጀመሪያ የደወልኩት ለእርሱ ነበር። ዛሬ «ሎኬሽን» በሚሏቸው ሰፈሮች ብርድ ልብስ ይሸጣል። ራውተር መፍታት እንደማይረሳ ይነግረኛል።

ሕጉ ምን ይላል?

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን፣ የቀድሞው ቁጥር 377/1996ም ሆነ አሁን ያለው ቁጥር 1156/2011፣ በአንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረገው ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር መንግሥት ለግል ባለሀብቱ «ዘላቂውን ሥራ በጊዜያዊ ውል አትሸፍን» ይለዋል። የመንግሥት ሠራተኛ ግን በዚህ ሕግ አይተዳደርም፤ የራሱ አዋጅ አለው። የሲቪል ሰርቪስ ሕጎቻችንም ጊዜያዊ ሠራተኛን የሚያውቁት በመሠረቱ ዘላቂነት ለሌለው ሥራ ነው። እንግዲህ ልጠይቅ፦ የደመወዝ መረጃን መጠበቅ ዘላቂነት የሌለው ሥራ ነውን? ወረዳው በሚቀጥለው ዓመት ደመወዝ መክፈል ያቆማልን?

በግዥ በኩልም እንዲሁ ነው። የፌዴራሉ የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 የማዕቀፍ ስምምነት የተባለውን መንገድ ከፍቶ ነበር፤ ተደጋጋሚ ፍላጎት በየጊዜው ጨረታ ሳይወጣ በአንድ የረዘመ ስምምነት እንዲሟላ የሚያደርግ ዘዴ ነው። ክልሎችም በፌዴራሉ አምሳያ የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። እኔ በማውቃቸው መሥሪያ ቤቶች ግን መንገዱ ወረቀትና ጎማ ለመግዛት ሲያገለግል እንጂ ለጥገናና ለባለሙያ ድጋፍ ሲውል አላየሁም። ዕቃ ይቆጠራል፤ ዕውቀት አይቆጠርም። ኦዲተሩም የሚጠይቀው የጠፋውን ሞኒተር ነው እንጂ የጠፋውን መረጃ አይደለም።

ለተቃራኒው ሐሳብም ፍትሕ እንስጥ

ከዚህ በተቃራኒ የሚነሡ ክርክሮችን ንቄ አላልፍም። «ቋሚ ሠራተኛ ይተኛል» የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው፤ ለሃያ ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከዊንዶውስ 98 ያላለፉ ሰዎች አውቃለሁ። «ቴክኖሎጂው ይለዋወጣል፤ ለሚለዋወጥ ነገር ተለዋዋጭ ውል ይሻላል» የሚሉም አሉ። «ወረዳው ለባለሙያ የሚከፍለው አነስተኛ ስለሆነ ቋሚ ብታደርገውም ጥሎህ ይሄዳል» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የጠነከረው ነው።

ነገር ግን እነዚህ ክርክሮች የሚያሳዩት ቋሚ ቅጥር ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑን ነው፤ የስድስት ወሩ ውል መፍትሔ መሆኑን አያሳዩም። ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጊዜያዊ ነበር፤ ሥራው ግን የታሰበው በትውልድ ልክ ነው። ቁም ነገሩ ሰውየው ቋሚ ወይም ጊዜያዊ መሆኑ ላይ አይደለም፤ ሲሄድ የሚረከበው አለ ወይ ነው። አጭር ውል ባለሙያውን ዕውቀት ደብቆ እንዲይዝ ያስተምረዋል። እኔን አስተምሮኛል። ክፉ ልጅ ስለነበርኩ አይመስለኝም፤ መሥሪያ ቤቱ ዋጋ የሰጠው ለማይተካ ሰው ብቻ ስለነበር የማልተካ ለመሆን ሞከርኩ።

ምን ይደረግ?

በነሐሴ 2015 ዓ.ም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና የክልል መቀመጫ ሆናለች። ቢሮ በቢሮ ላይ ተጨምሯል። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም በከተማዋ አለ። እንደ አገር «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ ከወጣበት ከ2012 ዓ.ም ወዲህ፣ በ2017 ዓ.ም ሥራ እስከጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ድረስ፣ የዜጋው ጉዳይ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ይህ መልካም ነው። ጋሼ እምቢ ብለው የቆለፉት መዝገብ ግን አሁን የለም። ዛሬ ሰርቨር ቢጠፋ ከካቢኔ የሚወጣ የሚያድነን ወረቀት አናገኝም። ለዚህ ነው ጉዳዩ የተማሪዬ እንጀራ ብቻ አይደለም የምለው።

ሐሳቤ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ወረዳ ብቻውን አንድ ጊዜያዊ ሰው ከሚቀጥር፣ ወረዳዎች ተባብረው በዞን ደረጃ ጥቂት ቋሚ ባለሙያዎችን በጋራ ይያዙ፤ የተሻለ ደመወዝም ለመክፈል ያስችላል። ሁለተኛ፣ የውጭ ድጋፍ ሲያስፈልግ ውሉ የበርካታ ዓመት ማዕቀፍ ይሁን፤ ከሰኔ 30 ጋርም አይሙት። ሦስተኛ፣ በክሊራንስ ቅጹ ላይ አንድ መሥመር ይጨመር፦ የይለፍ ቃል፣ የመጠባበቂያ ቅጂና የአሠራር ማስታወሻ ተረክቤያለሁ የሚልና በተተኪው የሚፈረም። ይህ ከአንድ ወረቀት ዋጋ አያልፍም። አራተኛ፣ መጠባበቂያ ቅጂ መኖሩን ኦዲተር ይጠይቅ።

የሐዲያና የከምባታ ገበሬ እንሰት ይተክላል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ በመሀሉም ከቦታ ቦታ እየተነቀለ ደጋግሞ ይተከላል። መነቀሉ አይገድለውም፤ ነቅሎ የሚተክለው እጅ የአንድ ቤተሰብ እጅ ነውና። ዘንድሮ የተከለው ሰው ባይኖር እንኳ የትኛው ችግኝ መቼ እንደተተከለ የሚያውቅ ልጅ ጓሮው ውስጥ አለ። መንግሥታችን በዚያ ጓሮ አጠገብ ቢሮ ሠርቶ ከጓሮው አለመማሩ ያሳዝናል።

ተማሪዬ በሐምሌ ደወለልኝ። ውሉ አልታደሰም። «የይለፍ ቃሉንስ?» አልኩት። «አለቃዬ ፊት በወረቀት ጽፌ፣ አሽጌ፣ አስፈርሜ ሰጥቻለሁ፤ እርስዎ ክፍል ውስጥ የነገሩንን አልረሳሁም» አለኝ። ደስ አለኝ፤ አፈርኩም። ልጁ በሃያ ሦስት ዓመቱ እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ ያላደረግሁትን አድርጓል። መሥሪያ ቤቱ ግን ለእርሱ ያደረገለት ለእኔ ካደረገልኝ አይለይም። አሁን ስለ ጆሃንስበርግ መጠየቅ ጀምሯል።

ቸር ያሰማን።